ቀይ ሥር በጅማ ጓሮ፦ ከዘር እስከ ማቆያ

ሁለት ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣልኛል። አንደኛው ኅዳር ላይ በአጥር በኩል ነው የሚመጣው፦ «እትዬ፣ የቀይ ሥሬ ቅጠል ቆስጣ አህሏል፣ ሥሩ ግን እርሳስ ነው። ምን አጥፍቼ ነው?» ሁለተኛው ጥር ላይ ይመጣል። ሥሩ አምሮ የደረሰለት ሰው ሁሉንም በአንድ ቀን ነቅሎ፣ አጥቦ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከትቶ ያስቀምጣል። በሳምንቱ ሥሩ ይለሰልስና መሻገት ይጀምራል፤ ያኔ «እንዴት ላቆየው?» ይለኛል። ያን ጊዜ የምመልሰው ብዙ የለኝም፤ ማቆየት የሚጀመረው በመዝራት ቀን ነውና።

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዓመቱን ሙሉ ቀይ ሥር ሊያድግባት ይችላል፤ ቀዝቃዛ ማከማቻ ግን በየቤታችን የለም። ስለዚህ ብዙ ዘርቶ ብዙ ከማከማቸት፣ ትንሽ ትንሽ እየዘሩ ትንሽ ትንሽ መንቀል ያዋጣል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በሙሉ የተቀመረው በዚህ ሐሳብ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 1.2 ሜትር ስፋትና 4 ሜትር ርዝመት ያለው መደብ (ቦታ ከሌላችሁ 2 ሜትርም ይሆናል)
- 10 ግራም የቀይ ሥር ዘር። እኛ ጋ በብዛት የሚገኘው ዲትሮይት ዳርክ ሬድ የሚባለው ነው፤ ለጓሮ ይስማማል
- ዶማ፣ አካፋ፣ መኮትኮቻ፣ መቀስ
- በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት፣ በ20 ሊትር ባልዲ 4 ባልዲ
- ንጹሕ የእንጨት አመድ
- ጀሪካንና ቀዳዳው ደቃቅ የሆነ ውሃ ማጠጫ
- ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ለጉዝጓዝ
- ለማቆያ፦ የእንጨት ሣጥን፣ የታጠበ አሸዋ፣ ፌስታል፣ ክዳኑ የሚገጥም ብርጭቆ ማሰሮ፣ አቼቶ

1. መጀመሪያ ቀኑን ቁረጡ

መደቡን በሐሳባችሁ ለአራት ክፈሉት። እያንዳንዱ 1 ሜትር ርዝመት ይደርሰዋል። አንዱን ክፍል በአንድ ዙር ዝሩ፣ ቀጣዩን ከ20 ቀን በኋላ። እኔ የምከተለው እንዲህ ነው፦ መስከረም 20፣ ጥቅምት 10፣ ጥቅምት 30፣ ኅዳር 20። ቀይ ሥር በኛ አየር ከ65 እስከ 80 ቀን ባለው ጊዜ ስለሚደርስ የመጀመሪያው ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ለነቢያት ጾም ይደርሳል፤ የመጨረሻው ደግሞ የካቲት መግቢያ ላይ ሁዳዴን ይቀበላል።

አንድ ክፍል 40 ያህል ሥር ይይዛል። አንዱ 100 ግራም ቢመዝን 4 ኪሎ ነው። አምስት ስድስት ሰው ላለበት ቤት ይህ ለሦስት ሳምንት ሰላጣና ለአልጫ ይበቃል፣ ለጎረቤትም ይተርፋል። ሁሉን በአንድ ቀን ብትዘሩ ግን 16 ኪሎ ባንድ ሳምንት ይደርስባችኋል።

ለምን ከመስከረም ማብቂያ ጀመርን? ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ዝናባችን ዘሩን ያጥበዋል፣ አፈሩን ጠፍጥፎ ቅርፊት ያበጅበታል፣ በቅጠሉ ላይ ነጠብጣብ ያመጣል። እኔ ራሴ አንድ ሐምሌ ላይ ዘርቼ በሦስተኛው ቀን በጣለ ዝናብ መስመሩ በሙሉ ወደ ቦዩ ተጠርጎ ሄዷል። መስከረም መጨረሻ ላይ ግን አፈሩ እርጥበት ይዟል፣ ፀሐይም ወጥታለች። ውሃ የማያሳጣ ጉድጓድ ወይም ቧንቧ ያለው ሰው ከጥር እስከ መጋቢትም መዝራት ይችላል።

2. ፀሐይ ያለበትን ቦታ ምረጡ

የጅማ ጓሮ ዛፍ ይበዛበታል። አቮካዶው፣ ቡናው፣ ማንጎው፣ ኮባው ሁሉ ጥላ ነው። ቀይ ሥር በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ካላገኘ ቅጠሉን ዘርግቶ ብርሃን ሲፈልግ ይከርማል እንጂ ወደ ሥሩ የሚልከው ምግብ አይተርፈውም። ከአጥር በኩል የመጣው ጥያቄ ግማሽ መልሱ ይኸው ነው። ከመቆፈራችሁ በፊት አንድ ቀን ጠዋት በ3 ሰዓት፣ እኩለ ቀንና ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት ቦታውን እዩት። ከሦስቱ ሁለቱን ጊዜ ጥላ ካገኛችሁበት ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ባሕር ዛፍ አጠገብም አይሁን፤ ሥሩ ሩቅ ተጉዞ ውሃውን ይሻማል። ባለፈው ዓመት ቆስጣ ወይም ቀይ ሥር የነበረበትን መደብ ደግሞ ተዉት። ቆስጣና ቀይ ሥር ዝርያቸው አንድ ነው፤ የአንዱ የቅጠል በሽታ በአፈሩና በቅሪቱ ላይ ቆይቶ ሌላውን ይይዘዋል። ሁለት ሦስት ዓመት ባቄላ፣ ሽንኩርት ወይም በቆሎ ይፈራረቅበት።

3. አፈሩን አዘጋጁ

ቀዩ አፈራችን ጥልቅ ነው፣ ውሃም ያሳልፋል፤ ችግሩ ኮምጣጣነቱ ነው። ቀይ ሥር የሚወደው የአፈር ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አፈሩ ይበልጥ ኮምጣጣ ነው) ከ6 እስከ 7 ሲሆን፣ የኛ አካባቢ አፈር ብዙ ጊዜ 5 አካባቢ ይገኛል። በኮምጣጣ አፈር ላይ ችግኙ ይበቅላል፣ ከዚያ ይቆምና ጠርዙ እየቀላ ይቀጭጫል። ሰው በዚህ ጊዜ ማዳበሪያ ያጣ ይመስለውና ዩሪያ ይጨምርበታል፤ ዩሪያ ደግሞ ውሎ አድሮ ኮምጣጣነቱን ያብሰዋል።

ሥራውን በዚህ ቅደም ተከተል ያዙት፦

ሀ. ከመዝራታችሁ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ መደቡን ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍሩ፤ ይህ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ነው። ድንጋይ፣ ሥራ ሥርና የደረቀ ጓል አውጡ። ሥሩ ቁልቁል ሲወርድ ድንጋይ ካገኘ ይሰነጠቃል ወይም እንደ ሹካ ይከፈላል።

ለ. በአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ጭብጥ አመድ በትናችሁ ከአፈሩ ጋር አደባልቁ። አመድ ኮምጣጣነቱን ይቀንሳል፣ ፖታሲየምም ይሰጣል። በዓመት አንዴ ብቻ ይበቃል። የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ አነጋግራችሁ አፈሩን ማስመርመር ከቻላችሁና ኖራ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ በምርመራው ውጤት መጠን የእርሻ ኖራ ጨምሩ። ኖራ በግምት አይጨመርም፤ ሲበዛ ቦሮን የሚባለውን ንጥረ ነገር ለተክሉ ያግደዋል፣ የቀይ ሥሩም ውስጥ ይጠቁራል።

ሐ. ከመዝራታችሁ አንድ ሳምንት ሲቀር በእያንዳንዱ የ1 ሜትር ክፍል ላይ አንድ ባልዲ ኮምፖስት አልብሱና የላይኛውን 15 ሳንቲ ሜትር አደባልቁ።

መ. መደቡን ከመራመጃው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። ዝናብ በሚበዛበት ወቅት የምትዘሩ ከሆነ 20 ይሁን። ሥሩ ውሃ ውስጥ ከቆመ ይበሰብሳል።

ስለ ቡና ገለፈት ለብቻው ልናገር፤ ጅማ ላይ በየመፈልፈያው ተቆልሎ ስለሚገኝ ሁሉም ይጠይቀኛል። ጥሬውን መደቡ ላይ አትጨምሩ። ትኩስ ገለፈት ውስጥ ያለው ካፌይንና ሌላው ነገር ለጋ ችግኝ ያቀጭጫል፤ ሲበሰብስም ከአፈሩ ናይትሮጅን ይሻማል። ከከብት ፍግና ከእርጥብ ቅጠል ጋር በየንብርብሩ ከምሩት፣ እርጥበቱን ጠብቁ፣ በየሁለት ሳምንቱ ገልብጡት፣ ከ4 ወር ባላነሰ ጊዜ አብስሉት። ሲደርስ ይጠቁራል፣ በእጅ ሲታሽ ይፈረፍራል፣ ሽታው ዝናብ የነካው የጫካ አፈር ይሆናል። ገና የሚሞቅ ወይም የሚያቃጥል ሽታ ያለው ከሆነ አልደረሰም። ያኔ የሰጣችሁት ጊዜ የሚያስቆጭ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ኮምፖስት የያዘ መደብ ሌላ ማዳበሪያ አይጠይቅም።

ማስጠንቀቂያ፦ ፕላስቲክ፣ ላስቲክ ወይም ቀለም የተቀባ እንጨት የተቃጠለበትን አመድ አትጠቀሙ። አመድና ዩሪያ በአንድ ቀን አትቀላቅሉ፤ ናይትሮጅኑ ወደ አየር ይበናል። ትኩስ ፍግም መደቡ ላይ አይደፋ፤ ሥሩን ያበላሻል፣ ጥሬውን ለሚበላ ሰውም የሆድ በሽታ ያመጣል።

4. ዘሩን ፈትሹና ዝሩ

የቀይ ሥር «ፍሬ» የምንለው ሸካራው ጉብር አንድ ዘር አይደለም፤ ከሁለት እስከ አራት ዘር ተጣብቆ የያዘ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው «አንድ ዘርቼ ሦስት በቀለ» ብሎ ይደሰትና ሁሉንም ይተዋቸዋል።

ዘሩን ከታሸገ ፓኬት ግዙ፣ የማብቂያ ቀኑን እዩ። ከተከፈተ ቆርቆሮ በማንኪያ እየተሰፈረ የሚሸጠው ምን ያህል እንደቆየ አይታወቅም። ቤታችሁ የቆየ ዘር ካለ አስሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ። በ10 ቀን ውስጥ ሰባቱ ካልበቀሉ አዲስ ግዙ። ከራሳችሁ ተክል ዘር ለማውጣት አትድከሙ። ቀይ ሥር አብቦ ዘር የሚሰጠው ለሳምንታት የዘለቀ ብርድ ካገኘ በኋላ ነው፤ ጅማ ላይ ያ ብርድ የለም።

ዘሩን ማታ በንጹሕ ውሃ ዘፍዝፋችሁ ጠዋት ዝሩ። ልጣጩ ውስጥ ብቅለትን የሚያዘገይ ነገር ስላለ በውሃው ይታጠባል። ከ12 ሰዓት በላይ ግን አታቆዩት፣ ይታፈናል። ዘሩ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ከሆነ መድኃኒት የታሸ ነው፦ አትዘፍዝፉት፣ ደረቁን ዝሩ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ለዶሮ አትስጡ።

በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት አራት መስመር አውጡ። የመስመሩ ጥልቀት 2 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ አንድ ጣት በአግድም ሲተኛ ማለት ነው። ከዚህ ከጠለቀ ለጋው ችግኝ ቀዩን አፈር ሰብሮ መውጣት ይቸግረዋል። መስመሩን አስቀድማችሁ ውሃ አጠጡ፣ ፍሬውን በየ5 ሳንቲ ሜትር ጣሉ፣ ከላይ በአፈር ፈንታ ደቃቅ ኮምፖስት አልብሱትና በመዳፍ ጫን በሉት። ኮምፖስት ቅርፊት አይሠራም፤ የኔ ዘር ብቅለት የተሻሻለው ይህን ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ ነው። ስስ ሣር ከላይ በትኑ። በ7 እና በ10 ቀን መካከል ቀይ አንገት ብቅ ሲል ሣሩን አመሻሽ ላይ አንሡት፤ በቀትር ብታነሡት ፀሐይ ያጠወልገዋል።

ቀይ ሥርን በችግኝ መደብ አፍልቶ ማዛወር አልመክርም። ዋናው ሥር ሲነቀል ይታጠፋል ወይም ጫፉ ይቆረጣል፤ የታጠፈ ሥር አይወፍርም።

5. አሳሱ

ይህን እርምጃ የሚዘለው ሰው ከሁሉ ይበዛል። የበቀለን ነገር መቁረጥ ያሳሳል፣ ይገባኛል። ነገር ግን ሦስት ችግኝ በአንድ ጉድጓድ ከቆመ ሦስቱም እርሳስ ይሆናሉ፤ ለአንዱ ቦታ ብትሰጡት እሱ ቡጢ ያክላል።

መጀመሪያ፣ ችግኙ 5 ሳንቲ ሜትር ሲሆንና ሁለት ሦስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ፣ ከየጉብሩ ጠንካራውን አንድ ትታችሁ ሌላውን ከአፈሩ ጋር አስጠግታችሁ በመቀስ ቁረጡ። አትንቀሉ፤ ሥራቸው የተያያዘ ስለሆነ የምትነቅሉት የሚቀረውን አብሮ ያናጋዋል። ሁለተኛ፣ ከዚያ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በየመካከላቸው 10 ሳንቲ ሜትር እንዲቀር አንዱን እየዘለላችሁ አውጡ። ይህ ሁለተኛው ለጋ ቅጠል ከጎመን ጋር ተቀቅሎ ይጣፍጣል፤ የሚጣል ነገር የለም።

ባዶ የቀረ ቦታ ካለ በሁለተኛው ጊዜ የወጣውን ችግኝ አመሻሽ ላይ፣ ሥሩን ቀጥ አድርጋችሁ፣ በጣት በተበሳ ጉድጓድ ልትተክሉ ትችላላችሁ። ግማሹ ይያዛል፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁ።

6. ውሃ፣ አረም፣ ጉዝጓዝ

ዝናብ ሲያቆም ለአንድ የ1 ሜትር ክፍል በሳምንት 30 ሊትር ያህል ውሃ ስጡ፤ በሦስት ቀን ተከፍሎ በየጊዜው የ20 ሊትር ጀሪካን ግማሽ ማለት ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ነፋሱ ሲበረታ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ሰድዳችሁ ፈትሹ፤ ሁለተኛው አንጓ ድረስ ደረቅ ከሆነ ጨምሩ። ከመጠኑ ይበልጥ አለመቋረጡ ነው የሚያስፈልገው። ሥሩ ተጠምቶ ቆይቶ አንድ ጊዜ ሲጠግብ ይሰነጠቃል፤ ሙቀትና ጥም ሲፈራረቁበት ደግሞ ሲቆረጥ ነጫጭ ቀለበት ይታይበታል።

የምታጠጡት ጠዋት፣ ከሥሩ እንጂ ከቅጠሉ ላይ አይሁን። የአዌቱ ወንዝ ከተማችንን አቋርጦ ሲያልፍ የቤትና የመንገድ ፍሳሽ ይቀበላል፤ ከእሱም ሆነ ከየመንደሩ ቦይ በተቀዳ ውሃ ጥሬውን የሚበላ ተክል አታጠጡ።

አረሙን በእጅ ንቀሉ። መኮትኮቻ ከተጠቀማችሁ ከላይ ከላይ ብቻ ይሁን፤ የተነካ ሥር ይደማል፣ የደማውም በኋላ አይቀመጥም። የሥሩ ትከሻ ከአፈር ብቅ ሲል አፈር መለስ አድርጉበት፤ ፀሐይ የመታው ትከሻ ይጠነክራል። ከሁለተኛው ማሳሳት በኋላ ሁለት ጣት የሚሆን ደረቅ ሣር በመስመሮቹ መካከል ጎዝጉዙ፤ ውሃ ይቆጥባል፣ አረም ያፍናል።

ቅጠል ለወጥ ከቀነጠባችሁ ከአንድ ተክል ከሦስት አንድ እጅ አትለፉ። ሥሩን የሚያወፍረው ቅጠሉ ነው።

7. ተባይና በሽታ

ጠዋት ስትወጡ ችግኝ ከአንገቱ ተቆርጦ ወድቆ ካገኛችሁ ቆራጭ ትል ነው። ከተቆረጠው ሥር አጠገብ አፈሩን በጣት ጫር ጫር ብታደርጉ ክብ ሠርቶ ተኝቶ ታገኙታላችሁ፤ ለቅማችሁ አጥፉት። ዶሮ ካላችሁ መደቡን በእሾህ ወይም በሽቦ እጠሩ፤ አዲስ የተቆፈረ መደብ ዶሮ አይምርም።

በቅጠሉ ላይ መሐሉ ግራጫ፣ ጠርዙ ሐምራዊ የሆነ ትንንሽ ክብ ነጠብጣብ ከታየ የፈንገስ በሽታ ነው። ዝናብ ሲረጭ ከቅጠል ወደ ቅጠል ይዘላል። የተያዘውን ቅጠል ቁረጡና ከጓሮ አውጥታችሁ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ፤ ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሩ። ያለቦታው የተጠጋጋ ካለ አሳሱ፣ ነፋስ ይግባው።

ፍልፈል ካለባችሁ ሥራችሁ ይበዛል። በጓሮ አቅም የሠራልኝ አንድ ነገር ነው፦ መደቡን ሲቆፍሩ ከ30 ሳንቲ ሜትር በታች የዶሮ ሽቦ ዘርግቶ ጠርዙን ወደ ላይ ማጠፍ። አንዴ ወጪ ያስወጣል፣ ለዓመታት ግን ያገለግላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ለጫት ወይም ለቡና የተገዛ ኬሚካል ቀይ ሥር ላይ አትርጩ። የሚበላው ሥሩም ቅጠሉም ነው፤ መጠኑም የመቆያ ቀኑም ለሱ አልተለካም።

8. መቼና እንዴት ይነቀላል

የሥሩ ወገብ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ደርሷል፤ ከእንቁላል ከፍ፣ ከብርቱካን ዝቅ ያለ። ትልቅ ሲሆን ያዋጣል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ካለፈበት እንጨት እንጨት ይላል፣ ብትቀቅሉትም አይለሰልስም።

ለማቆየት የምትነቅሉ ከሆነ አራት አምስት ቀን ቀደም ብላችሁ ውሃ አቁሙ። ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ ዝናብ በሌለበት ቀን፣ ከተክሉ አንድ ስንዝር ራቅ ብላችሁ በዶማ አፈሩን ከሥር ፈንቅሉ፤ ከዚያ በእጅ አንሡ። ቅጠሉን ይዞ መጎተት አንገቱን ይሰነጥቀዋል።

ቅጠሉን ከአንገቱ ሁለት ጣት ከፍ አድርጋችሁ በእጅ ጠምዝዛችሁ አንሡ፤ በቢላዋ አትቁረጡ። የታች ጭራውንም አትንኩ። ቅጠሉ ካልተነሣ ከሥሩ ውሃ እየሳበ ያጠወልገዋል፤ አንገቱ ወይም ጭራው ከተቆረጠ ደግሞ ሥሩ እየደማ ቀለሙንም ጣዕሙንም ያፈስሳል፣ ሻጋታም በዚያው ይገባል።

አትጠቡት። አፈሩን በእጅ አራግፉ፣ የቀረውን ተዉት። ማጠብ ስሱን ቆዳ ይጭረዋል፣ በስንጥቁም እርጥበት ይተዋል። ጥላ ውስጥ ኬሻ ላይ ዘርግታችሁ ሦስት አራት ሰዓት አናፍሱት።

ከዚያ ለዩ። የተጎዳ፣ የተበሳ፣ የተሰነጠቀ ዛሬ ወይም ነገ ይበላ። ትንንሹ በዚህ ሳምንት ይለቅ፣ ቶሎ ይጨማደዳልና። ደህናው መካከለኛ ብቻ ይቀመጥ። አንድ የበሰበሰ ሥር ሣጥን ሙሉ ያበላሻል፤ በዚህ ላይ ልባችሁ አይራራ።

9. ማቆየት

መደቡ ላይ። በደረቁ ወቅት የደረሰ ሥር ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት አፈር ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ትከሻውን አፈር አልብሱ፣ ሣር ጨምሩ፣ ውሃውን ቀንሱ። በየ20 ቀኑ የዘራችሁ ከሆነ ቀጣዩ ዙር እስኪደርስ ይህ ብቻ ይበቃችኋል። በክረምት ግን አታስቡት፤ ይበሰብሳል።

በአሸዋ። ፍሪጅ ለሌለው ሰው ከሞከርኩት የተሻለው ይህ ነው። የታጠበ አሸዋ ውሰዱና ውሃ እርጩበት፤ በመዳፍ ስትጨብጡት ቅርጹን ይዞ የሚቆም፣ ግን ጠብታ የማያወጣ ይሁን። የእንጨት ሣጥን ሥር ሦስት ጣት አሸዋ አንጥፉ፣ ቀይ ሥሩን ሳይነካካ ደርድሩ፣ አሸዋ አልብሱ፣ እንደገና ደርድሩ። ከሦስት ረድፍ አትለፉ፤ የታችኛውን ለማየት ያስቸግራል። ከላይ እርጥብ ኬሻ ጣሉ።

አሸዋው ሁለት ነገር ይሠራል፦ ሥሩ ውሃውን እንዳያጣ ያደርጋል፣ አንዱ ቢበሰብስ ደግሞ ወደ ሌላው እንዳይተላለፍ ያግዳል። ሣጥኑን ከቤቱ ቀዝቃዛ በሆነው ወለል ላይ አኑሩት። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በሰሜን ግድግዳ በኩል ያለው ክፍል ይሻላል፤ ወጥ ቤት አይሁን። በየሳምንቱ አሸዋውን ዳሱ፣ ከደረቀ እርጩ፣ የለሰለሰውን አውጡ፣ አዲስ ቀንበጥ ካወጣ ቀንበጡን ቀንጥባችሁ ያንን ሥር አስቀድማችሁ ብሉ። በዚህ ዘዴ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይቆያል። በአሸዋ ፈንታ ሰጋቱራ መጠቀም ይቻላል፤ መድኃኒት ከተቀባ እንጨት የወጣ ግን አይሁን።

በሁለት ገንቦ። ትንሹን ሸክላ በትልቁ ውስጥ አስቀምጡ፣ መካከሉን በአሸዋ ሙሉ፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ አርጥቡ፣ ከላይ እርጥብ ጨርቅ ጣሉ። የእንስራ ውሃ የሚቀዘቅዘው ላዩ እየተነነ ነው፤ ይህም እንደዚያው ነው። ከኅዳር እስከ ጥር፣ አየሩ ሲደርቅና ነፋስ ሲኖር በደንብ ይሠራል። ሐምሌ ላይ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ አይተንንም፣ አይቀዘቅዝም። በዚያ ወቅት አትልፉበት።

በፍሪጅ። ያልታጠበውን ሥር በፌስታል ከትታችሁ ፌስታሉን በሹካ ብዙ ቦታ ብሱት፤ ከታችኛው መሳቢያ አኑሩት። ያለ ፌስታል ይጨማደዳል፣ ባልተበሳ ፌስታል ደግሞ ያልበዋል። እስከ ሁለት ወር ይቆያል።

በፍሪጁ የበረዶ ክፍል (ፍሪዘር)። ጥሬው ሲበረድ ይፈረካከሳል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ቀቅሉ። ከነልጣጩ፣ ከነአንገቱ፣ ከነጭራው ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ቀቅላችሁ በቀዝቃዛ ውሃ ክተቱት፤ ልጣጩ በእጅ ይወልቃል። ቆራርጡ፣ አጠንፍፉ፣ ለአንድ ማዕድ የሚበቃውን በየፌስታሉ ክፈሉ፣ ቀኑን ጻፉ። መብራት ጠፍቶ ሙሉ በሙሉ ከቀለጠ መልሳችሁ አታበርዱት፤ በዚያው ቀን አብስላችሁ ብሉ።

በአቼቶ። የተቀቀለውንና የተላጠውን ቆራርጣችሁ በፈላ ውሃ በታጠበ ብርጭቆ ማሰሮ ሙሉ። እኩል አቼቶና ውሃ ከጨውና ከትንሽ ስኳር ጋር አፍልታችሁ እስኪሸፍነው አፍስሱ። የአቼቶው መለያ ላይ 5 በመቶ አሲድ የሚል ይሁን። ሲበርድ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ፣ በአንድ ወር ውስጥ ጨርሱት። ከጠርሙሱ የምታወጡት በንጹሕ ማንኪያ ብቻ ይሁን።

ከባድ ማስጠንቀቂያ፦ የተቀቀለ ቀይ ሥርን ያለ አቼቶ፣ በውሃ ወይም በዘይት፣ ማሰሮ ውስጥ አሽጋችሁ ከፍሪጅ ውጪ አታስቀምጡ። አየር በሌለበትና ኮምጣጣ ባልሆነ ምግብ ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ያድጋል። መርዙ ሽታም ቀለምም ላይለውጥ ይችላል፤ ሰውን ይገድላል።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

ቅጠል በዝቶ ሥር ካነሰ፦ መጀመሪያ ማሳሳታችሁን አስታውሱ፣ ቀጥሎ ጥላውን እዩ፣ ከዚያ ዩሪያ ወይም ትኩስ ፍግ መጨመራችሁን ጠይቁ። ናይትሮጅን ሲበዛ ተክሉ ወደ ቅጠል ያደላል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከነዚህ ሦስቱ አይወጣም።

ሥሩ ሲቆረጥ ውስጡ ጥቁር ቡሽ መሳይ ነገር ከያዘ የቦሮን እጥረት ነው። ድርቅና የበዛ ኖራ ያባብሱታል። ውሃውን አስተካክሉ፣ ኮምፖስት ጨምሩ። የቦሮን ዱቄት ፈልጋችሁ በግምት አትበትኑ፤ የሚያስፈልገው እጅግ ጥቂት ነው፣ ትንሽ ሲያልፍ ተክሉን ይመርዛል። ጥቁሩን ቆርጣችሁ ጥላችሁ ቀሪውን መብላት ይቻላል።

ሲቀቀል ቀለሙ ውሃው ውስጥ ካለቀና ሥሩ ከነጣ፣ የቀቀላችሁት ልጣችሁ ወይም ቆርጣችሁ ነው። ከነልጣጩ ቀቅሉ፣ በሹካ እየወጋችሁም አትፈትሹ፤ አንዴ መጨረሻ ላይ ይበቃል።

ቀይ ሥር በበሉ ማግስት ሽንት ወይም ዓይነ ምድር ቀልቶ አይተው የደነገጡ እናቶች ልጅ ይዘው ወደኔ መጥተው ያውቃሉ። ቀለሙ ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል። ቀይ ሥር ሳይበሉ የሚታይ ወይም ከሁለት ቀን በላይ የሚቆይ ቀይ ሽንት ከሆነ ግን ሐኪም ይየው። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰውም ቅጠሉንና ሥሩን ከማዘውተሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ኦክሳሌት የሚባለው ንጥረ ነገር፣ በተለይ በቅጠሉ ውስጥ፣ ብዙ አለ።